ሎሚዬን ሻጋታ ጨረሰብኝ፣ እርሾ ይረዳኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ፣ እኔ ከዘጌ ሎሚ እየሰበሰብኩ በጀልባ ባህር ዳር ወስጄ ነው የምሸጠው። ማዳበሪያ ውስጥ ጥቂት ቀን ካደረ መጀመሪያ ነጭ ነገር ያበቅልና አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል። መድሃኒት ንፊበት ይሉኛል፣ እኔ ግን ሰው ሻይ ውስጥ የሚጨምቀው ነገር ላይ ኬሚካል ማድረግ አልፈልግም። ጎረቤቴ ደግሞ የእንጀራ እርሾ ቀቢው ትለኛለች፣ እውነት ይሰራል?

መልስ፦ እህቴ ጎረቤትሽ ያለችው ነገር መሰረት አለው፣ ግን የእንጀራ እርሾ አትቀቢው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አረንጓዴው ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የሚባል ሻጋታ ነው፣ ጤነኛ ልጣጭ በስቶ አይገባም፣ የሚገባው በቁስል ብቻ ነው፣ ሎሚው በዱላ ሲረግፍ፣ የራሱ እሾህ ሲወጋው፣ ማዳበሪያ ውስጥ ተጭኖ ሲተሻሽ። ሳይንቲስቶች ታዲያ እዛች ቁስል ላይ ሻጋታው ሳይደርስ ቀድሞ ቦታውንና ስኳሩን የሚይዝ እርሾ ፈልገው አገኙ፣ ካንዲዳ ኦሊዮፊላ ይባላል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አስፓየር በሚል ስም ተመዝግቦ ተሸጧል። እሱም ቢሆን የሚከላከል እንጂ የሚያድን አይደለም፣ ሻጋታው ቀድሞ ከገባ ምንም አያደርግለትም። የኛ እርሾ ግን ብዙ አይነት ባክቴሪያና እርሾ የተቀላቀለበት ነው፣ ለዚህ ስራ ተመርጦ የወጣ አይደለም፣ ሎሚውን አርጥበሽ ማስቀመጥ ብቻ ይሆንብሻል።

አንቺ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችይው ቤኪንግ ሶዳ ነው (ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፣ እሱ ሌላ ነው)። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 30 ግራም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አካባቢ ማለት ነው፣ በጥብጠሽ ሎሚውን 2 ወይ 3 ደቂቃ ንከሪው፣ ከዛ በንጹህ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ጥላ ላይ በደንብ አድርቂው፣ እርጥቡን እንዳትከቺው። በተለቀመ በአንድ ቀን ውስጥ ቢሆን ነው የሚጠቅመው፣ እያደር ጥቅሙ ይቀንሳል። ስፖሩን (ሻጋታው የሚራባበትን እንደ ዘር ያለ ብናኝ) ጨርሶ አይገድልም፣ እንዳይበቅል ያግደዋል እንጂ፣ ስለዚህ በሱ ብቻ አትተማመኚ።

ከምንም በላይ ግን ለቃሚዎቹን አናግሪ። በዱላ አይምቱት፣ አይጎትቱት፣ ከግንጩ በመቀስ ይቁረጡት፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅም አይልቀሙ። ትንሽ ጨምረሽ ብትከፍያቸውም ከሚጣለው ሎሚ ያዋጣሻል ባይ ነኝ። ማዳበሪያውንም ተዪውና በፕላስቲክ ሳጥን ጫኚ።

በየቀኑ ደግሞ ለይ። አንድ የሻገተ ሎሚ ከ1 እስከ 2 ቢሊዮን ስፖር ሊያወጣ ይችላል፣ ስታራግፊው ሁሉም ላይ ነው የሚበነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለሽ በፌስታል ጠቅልለሽ አውጪና ከመጋዘኑ ርቀሽ ቅበሪው። ዱቄቱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ፔኒሲሊየም ኢታሊከም የሚባለው ሌላው ነው፣ እሱ ያለ ቁስልም ጎኑ ወዳለው ይሻገራል፣ የነካቸውንም አብረሽ አውጪ፣ ሳጥኑንም በበረኪና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው።