«አማቴ ነቅለሽ ጣይው ይሉኛል»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ግንቦት ላይ ከኮምቦልቻ ሦስት የቃሪያ ችግኝ አምጥቼ አፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተከልኩ። ሁለቱ ክረምቱን አልተሻገሩም። የቀረው አንዱም ከታች ጀምሮ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። አበባ ያወጣል፣ በማግስቱ ወድቆ አገኘዋለሁ። ጫፉ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ተጨማደዋል። ውሃ አጥቶ አያውቅም፤ የቡና አተላም በየቀኑ እደፋበታለሁ። ልጄ ዩሪያ እናድርግበት ይላል። አማቴ ደግሞ ነቅለሽ ጣይው ይሉኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አብሽሪ እታለም። ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ።

«ውሃ አጥቶ አያውቅም» የምትለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ስለ ጀሪካኑ ቀዳዳ ደግሞ አንድም ቃል አልጻፍሽም። ቃሪያሽ የተራበ አይመስለኝም። ሰጥሟል።

መጀመሪያ በሕይወት መኖሩን እንይ። ግንዱን በጥፍርሽ ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከሥር እርጥብ አረንጓዴ ካየሽ አለ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወረድ ብለሽ ሞክሪ። እስከ ታች ከደረቀ አማትሽ ልክ ናቸው።

አረንጓዴ ካገኘሽ ጀሪካኑን በጎኑ አጋድሚና ዙሪያውን መታ መታ እያደረግሽ ከነአፈሩ አውጪው። ግንዱን ይዘሽ እንዳትጎትቺ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው። የታፈነ ሥር ይጠቁራል። በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ልባሱ እንደ እርጥብ ካልሲ ይንሸራተትና እጅሽ ላይ ይቀራል፤ ውስጡ ቀጭን ክር ሆኖ ይንጠለጠላል። ይሸታልም። ሥር እንደ እኛው አየር ይፈልጋል። አፈሩ መሐል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ሲሞላው ይታፈናል። ሥሩ ሲሞት ቅጠሉ ውሃ አያገኝምና ይጠወልጋል። አንቺም «ጠማው» ብለሽ ትጨምሪበታለሽ!

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቁረጪ። የጀሪካኑን ታች በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። አፈርሽ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ብቻውን አይሆንም። ሁለት ጣሳ አፈር፣ አንድ ጣሳ አሸዋ፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ደባልቂ። በደንብ የበሰበሰ ያልኩት በምክንያት ነው። ሐርቡ የልማት ሠራተኛ ሳለሁ ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግ በገዛ ቃሪያዬ ሥር ቆለልኩ። በሳምንቱ የቅጠሉ ዳር ሁሉ እሳት የነካው መሰለ። ገበሬውን «ፍጉን አብላሉት» እያልኩ የምመክረው እኔው ነበርኩ። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ስለዚህ ዩሪያው ይቅር። ሆዱን ለታመመ ሰው ክትፎ አይሰጥም። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም አትመግቢው። ሲያገግምም ብስባሽ ይበቃዋል። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠሉ እንደ ጎመን ይንዠረገጋል፣ ቃሪያ ግን የለም።

የቡና አተላውም እንዲሁ። ሲደርቅ ከላይ ይጋግርና ውሃና አየር ይከለክላል። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ድፊው። ቡናውን አታቋርጪ።

አሁን ቅርንጫፎቹን ግማሽ ያህል አሳጥሪያቸው፤ ከቅጠል መውጫው ትንሽ ከፍ ብለሽ ቁረጪ። አበባና እምቡጡንም ልቀሚው። አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን የቀረችው ትንሽ ሥር ያን ሁሉ መሸከም አትችልም። ከዚያ ወዲያ ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥበት ከተሰማሽ ውሃ የለም። ከደረቀ ግን በታች እስኪንጠባጠብ አጠጪው።

አበባው የሚረግፈው በውሃው ብቻ አይደለም፤ ብርዱም አለ። ቃሪያ ሙቀት ወዳድ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአንቺ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቃሪያ አበባውን ይጥላል። ፀሐይዋም ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ትገባለች። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አስቀምጪው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ፤ ማታ ማታ ማድቤት አስገቢው። ጀሪካን መሆኑ ለዚህ በጀሽ። ፍሬውን ከመጋቢት በፊት አትጠብቂ።

የተጨማደዱትን ቅጠሎች ገልብጠሽ እያቸው። ጥቃቅን አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ተደርድሮ ካየሽ ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ሲመላለስም ጠርጥሪ፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጪና አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ እጠቢ። የዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ገና አረንጓዴ እያለ በድንገት ከጠወለገና ማታም ካልተመለሰ፣ ግንዱን ከታች ቆርጠሽ የተቆረጠውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሪው። ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ያኔ አማትሽን ስሚ። በዚያ አፈር ቲማቲምም ድንችም እንዳትተክዪ፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታውም አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ቃሪያዬ ፍሬው ያምራል፣ ጫፉ ግን ይጠቁርና ይበሰብሳል። ምን ልርጭበት? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ምንም አትርጭ ወንድሜ። የፍሬው ጫፍ ካልሲየም አጥሮት ነው። ብዙ ጊዜ አፈሩ ውስጥ አይጠፋም፤ ግን ወደ ፍሬው የሚወስደው ውሃ ነው። አንተ ሳምንት ታስጠማውና ቅዳሜ ታጥለቀልቀዋለህ መሰለኝ። በየጊዜው እኩል አጠጣው፣ ሥሩን በገለባ ሸፍነው። የጠቆሩትን ቅጠፋቸው፤ አይድኑም።