መልስ፦ መስታወቱ ይወርዳል፣ ሲወጣ ግን ይቆማል
ወንድሜ፣ የሹፌር በኩል መስታወት ሲወርድ ደህና ሆኖ ሲወጣ እያቃሰተ መሃል ላይ እንደሚቆም ጽፈህ፣ መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ልቀይር ወይ ብለሃል። ለመግዛት አትቸኩል። መስታወቱ እስከወረደ ድረስ ፊውዙ ደህና ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ጎማ ነው። አቧራ ይጠጣና ይደርቃል፤ መስታወቱን አንቆ ይይዘዋል። ሙሉ በሙሉ አውርደውና ጣትህን በጎማው ቦይ ውስጥ አሂደው። ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ ችግሩን አገኘኸው ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመህ ጥረገው። ሲደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፋበትና አራት አምስት ጊዜ አውጥተህ አውርደው። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ግን እንዳትቀባው፣ አደራ! ጎማውን ያበላሸዋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

መኪናውን አስነስተህም ሞክረው። ያኔ ቮልቱ ከ12 ወደ 14 ገደማ ስለሚያድግ መስታወቱ ከፈጠነ ባትሪህን አስመርምር።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ስዊቹን ተጭነህ የበሩን ሽፋን መታ መታ አድርገው። በዚህ ከተንቀሳቀሰ የመስታወቱ ሞተር ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው) ሳያልቅ አልቀረም። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ደግሞ መስታወቱን የሚጎትተው ካቦ (የሽቦ ገመድ) እየተበጠሰ ሊሆን ይችላል፤ ሳይውል ሳያድር አሠራው።

ሽፋኑን ከመፍታትህ በፊት መስታወቱን በጠንካራ ፕላስተር ከፍሬሙ ጋር እሰረው፣ የባትሪውንም ኔጌቲቭ ንቀል። እጅህ ውስጥ እያለ ስዊቹ ከተነካ ጣትህን ይጎዳሃል። ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ላስቲክም እንዳትጥለው። ውሃ ወደ መኪናው እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።