መርፌው እጁ ውስጥ ቀርቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሁን ሳሉም ትኩሳቱም ጠፍቶለታል፣ ተመስገን። የቸገረን እጁ ነው። ያኔ ደም ስሩ አልገኝ ብሎ አራት ጊዜ ተወጋ። የተተከለለት ካኑላም በሦስተኛው ቀን አበጠና ነቅለው በሌላው እጁ ተከሉለት። ያበጠው እጁ ላይ ደም ስሩ እስካሁን እንደ ገመድ ጠንክሮ ይዳሰሳል። ሲነኩት ያመዋል። ጎረቤት «መርፌው ቀርቶበት ነው፣ ወጌሻ ጋ ይሂድና ይታሽ» ይላል። እውነት መርፌ ሊቀር ይችላል? አጠገቡ የተኛው ሰውዬ አምስት ቀን ሲቆይለት የአባቴስ ለምን ቶሎ አበጠ?

መልስ፦ እንኳን እግዜር ማራቸው። ከሚያስጨንቅዎት ነገር ልጀምር። መርፌ አልቀረባቸውም። ወጌሻ ጋም አይውሰዷቸው።

ብዙ ሰው ካኑላ ሲባል እጅ ውስጥ መርፌ ተሰክቶ የሚውል የሚያድር ይመስለዋል። አይደለም። ካኑላ ሁለት ነገር ነው። ከውስጥ የብረት መርፌ አለ። በመርፌው ላይ ደግሞ እንደ እጅጌ የለበሰ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ አለ። መርፌው ቆዳውንና ደም ስሩን ይበሳል። ከኋላ በኩል ደም ብቅ ሲል ባለሙያው ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ ይገፋና መርፌውን ስቦ ያወጣዋል። መርፌው እዚያው ሴፍቲ ቦክስ በምንለው የመርፌ መጣያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እጅ ላይ የሚያድረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ፕላስቲኩስ ተቆርጦ አይቀርም ወይ ካሉኝ፣ ይቀራል፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። አንዱ ምክንያት የወጣው መርፌ ተመልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ መግባቱ ነው። አንዴ የወጣ መርፌ አይመለስም የምንለው ለዚህ ነው። ካኑላው ሲነቀልም ጫፉ ሙሉ መሆኑን እናያለን።

እንደነገሩኝ ከሆነ አባትዎን የያዛቸው የደም ስር ብግነት ነው። እኛ ፍሌባይቲስ እንለዋለን። የደም ስሩ የውስጥ ግድግዳ በፕላስቲኩ ሲፋተግ ወይም ኃይለኛ መድኃኒት ሲያልፍበት ይቆጣል። ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ከዚያ ውስጡ ያለው ደም ይረጋል። ጎረቤትዎ መርፌ ያሉት ይህንን ነው። ደም ስሩ ትንሽና ከቆዳ ሥር ያለ ስለሆነ፣ ደሙ ወደ ልብ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ሞልቷል። ሰውነት የረጋውን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ግን አይቸኩልም። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ገመዱ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይቆያል።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያድርጉላቸው። ሲቀመጡ እጃቸውን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሱ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሚቀባ ማስታገሻም ይረዳል። የሚዋጠውን አይቡፕሮፌን ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ሳይጠይቁ አይስጧቸው። ማሸት የለም። የተቆጣ ደም ስር ሲታሽ ይብስበታል።

ሕመሙ ሦስት ሳምንት ስላለፈው አንድ ጊዜ እዚያው መሐል ሜዳ ሆስፒታል ያሳዩት። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው፣ መግል ከታየ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከሮጠ ወይም ክንዳቸው በሙሉ ካበጠ ግን ነገ ከነገ ወዲያ የለም፣ በዚያው ቀን ነው።

የሰውዬው አምስት ቀን ቆይቶ የአባትዎ ለምን በሦስተኛው ቀን አበጠ? እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ። አንዱ የእኛ አገር ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሰውነት ሲበርደው የእጅ ደም ስሮች ይሸማቀቃሉ። ትኩሳት ውኃውን የጨረሰበት ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይጠፋሉ። ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ ወጣ ብሎ የሚታየው ደም ስር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። መላው ግን ቀላል ነው። እጁን በሞቀ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ መጠቅለል፣ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ማንጠልጠል፣ ሐኪም ካልከለከለ ውኃ ማጠጣት። አንድ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ደግሞ ለሌላ ቢለቅ ይሻላል። «ሲስተር፣ እስቲ ሌላ ሰው ይሞክርልን» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ለነርሶቹ ለቅቄያለሁ፣ በዚህ ሥራ ከእኛ እነሱ ይበልጣሉ።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ክርን ወይም የእጅ አንጓ ላይ የተተከለ ካኑላ እጅ በታጠፈ ቁጥር ይነቃነቃል። ከክርን በታች ያለው ጠፍጣፋ ክንድ ይሻላል፣ በተለይ ሕመምተኛው ብዙም የማይሠራበት እጅ ከሆነ። ውፍረቱም አለ። ቢጫው 24፣ ሰማያዊው 22፣ ሮዙ 20፣ አረንጓዴው 18 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይወፍራል። ብዙ ደም ለሚፈሰው ሰው ወፍራሙ ነፍስ ያድናል። አንቲባዮቲክ ብቻ ለሚወስድ ሰው ግን ሰማያዊው ወይም ሮዙ ይበቃል። ደም ስሩን የሞላ ወፍራም ቱቦ ግድግዳውን ሲፈትገው ይውላል።

ቀን መቁጠሩን በተመለከተ፣ ድሮ ካኑላ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ይቀየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 3,283 ሕመምተኞችን አነጻጸረ። ግማሾቹ በሦስተኛው ቀን ተቀየረላቸው፣ ግማሾቹ ምልክት ሲታይ ብቻ። ብግነቱ በሁለቱም ወገን 7 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ደህና የሆነ ካኑላ ቀኑ ደረሰ ተብሎ ላይነቀል ይችላል፣ የተበላሸ ደግሞ በመጀመሪያው ቀንም ይነቀላል። ይህ የሚሠራው ግን በየቀኑ አይቶ የሚመረምረው ሰው ሲኖር ነው።

የእኛ ችግር ጋቢው ነው። ብርድ ነውና ሕመምተኛው እስከ አፍንጫው ይከናነባል፣ እጁም ጋቢ ውስጥ ይገባል። ነርሷ ቱቦውን ከላይ ታያለች፣ ግሉኮሱ ይንጠባጠባል፣ ከሥር ያለውን እብጠት ግን ማንም አያየው። ስለዚህ አስታማሚው በየጥቂት ሰዓቱ ገለጥ አድርጎ ይይ። እብጠቱ የሚቀዘቅዝና ነጣ ያለ ከሆነ ፈሳሹ ከደም ስሩ ውጭ እየፈሰሰ ነው። የሚሞቅና የሚቀላ ከሆነ ደም ስሩ ተቆጥቷል። በሁለቱም «ያማል» ሲል ነርስ ይጠራ። በተለይ 40 በመቶ ግሉኮስ ወይም ካልሲየም እየተሰጠ ከሆነ ደቂቃም አይጠበቅ። እነዚህ ከደም ስር ከወጡ ሥጋ ይገድላሉ።

ቆዳ አጥር ነው፣ ካኑላ ደግሞ በአጥሩ ላይ የተከፈተ ሽንቁር። ጀርም የሚገባው በዚያ ነው። ባለሙያው ከመትከሉ በፊት እጁን መታጠብ፣ ቦታውን በአልኮል መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። ካጸዳ በኋላ ደም ስሩን ፍለጋ እንደገና በጣቱ ከነካው ጽዳቱ ከንቱ ነው። መድኃኒት በሰጠ ቁጥርም የካኑላውን አፍ መጥረግ አለበት። ፕላስተሩ ላይ የተተከለበት ቀንና ሰዓት ቢጻፍ ደግሞ ተረኛው ሲቀየር ማንም አይደናገርም። ደም ስሩን ለመፈለግ ክንድ ላይ የታሰረው ማሰሪያ ሳይፈታ ከቀረም ዝም አይበሉ። ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ጓንት ስለሆነ እጅጌ ሥር ተደብቆ ይረሳል።

ጸበልና እምነት ይዛችሁ ለምትመጡ አንድ ልመና አለኝ። ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ ሄዳችሁ ያመጣችሁትን አልከለክልም። ግንባራቸውን ቀቧቸው፣ ሌላውን እጃቸውን ቀቧቸው። የካኑላው ፕላስተር ግን እርጥበትም አመድም አይንካው። ከራሰ ወይም ከተላቀቀ ይቀየር።

ግሉኮሱ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ መቆጣጠሪያውን መክፈትም አለ። ይህን በሽማግሌ ላይ አታድርጉ። የደከመ ልብ ያን ሁሉ ውኃ በአንዴ አይችልም፣ ሳንባ ይሞላል። ቱቦው ውስጥ የምትታየው ትንሽ የአየር አረፋ ግን አትገድልም። እሷን ትታችሁ ከረጢቱ ሳያልቅ ነርስ ጥሩ።

ኢንተርን ሳለሁ አንዲት እናት ድነው ከነካኑላቸው ሸኘናቸው። የመውጫ ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበር፣ ገልጬ አላየሁም። «ዶክተሮቹ ካልነቀሉት ምክንያት ይኖረዋል» ብለው በአራተኛው ቀን እጃቸው መግል ይዞ፣ እያንቀጠቀጣቸው መጡ። ተረፉ፣ ግን ስምንት ቀን እንደገና ተኙ። ስለዚህ በክኒን መታከም ሲጀመር «ይህ አሁን ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትወጡም ሁለቱንም እጅ አይታችሁ ውጡ።

አባትዎ ወደፊት ከተኙ ደግሞ ገና ሲገቡ «በዚህኛው አበጠብኝ» ብለው ይንገሩ፣ በሌላው ይጀመርላቸዋል። እስከዚያው የሞቀ ጨርቁን ይቀጥሉ። ለማሸት ያሰባችሁት ቅቤ ካለም ለወጥ ያቆዩት።