ዓይንሽ መድከሙን ለትምህርት ክፍሉ ንገሪ

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ዘጌ ናቸው። ዓይኔ ከጎን የሚመጣ ነገር አያይም፤ ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ ይብስብኛል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነግሮኛል። አባቴ ‹ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ማን ይቀጥርሻል› ይላል። ማንም ሳያውቅ እንድጠቀምበት ብሎ የቡናውን ገንዘብ ለኮምፒውተርና ለሶፍትዌር ሊያወጣው ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ለዓይነ ስውር የሚሆነው ሕግ ወይም አስተማሪነት ነው፣ ዲፓርትመንት ቀይሪ› ይሉኛል። የመውጫ ፈተናውም ያስጨንቀኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ «ለማንም እንዳትተነፍሺ» የሚለው ነው። ስለዚህ ብዙውን የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

አባትሽ እንደሚወዱሽ ያስታውቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስተዋል። ለዓመታት የሠራሁት በሰው ሀብት ክፍል ነው። ዓይኑ መድከሙን ደብቆ የሚቀጠር ሰው ምን እንደሚገጥመው አውቃለሁ። ስክሪኑን በአፍንጫው ሊነካው እስኪደርስ ይጠጋል። ሰነድ ሲሰጡት ይዘገያል። አለቃው ምክንያቱን ስለማያውቅ «ሰነፍ ነው» ብሎ ይገመግመዋል፤ የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ይሰናበታል። ነግሮ የገባው ግን ብርሃን ያለበት ጠረጴዛና የሚስማማው ስክሪን ተሰጥቶት ሥራውን ይሠራል።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ሥራውን እንዲያመቻችልሽ ያስገድዳል። የሚፈለገውን ችሎታ ይዘሽ ውጤትሽ ከሌሎቹ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ይሰጥሻል። አዋጁ በየመሥሪያ ቤቱ እንደተጻፈው ይሠራል ብዬ አልዋሽሽም። ያልተናገረ ሰው ግን ከነጭራሹ ሊጠይቅበት አይችልም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም ቢሆን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የፈተና ጊዜ እንዲጨመር፣ የፈተናው አሰጣጥ እንዲስተካከልና የመማሪያ ድጋፍ እንዲሰጥ ይላል።

እንግዲህ የሐኪም ማስረጃሽን አያይዘሽ ማመልከቻ ጻፊ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሁን፤ ግልባጩ ለተማሪዎች ዲን ይድረስ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊው፤ በእጅሽ በሚቀረው ቅጂ ላይም ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። «ድጋፍ ይደረግልኝ» ብቻ ያለ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። የምትፈልጊውን ዘርዝሪ። የፈተናው ወረቀት የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ እንዳይሆን፣ ደምቆ እንዲታተምልሽ ጠይቂ። የሚስማማሽን የፊደል መጠን ሐኪምሽ ይጻፍልሽ። ተጨማሪ ሰዓትና በቂ ብርሃን ያለው ክፍል ጠይቂ። ሃንዳውቱ በወርድ ፋይል ይሰጥሽ። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ትልቋ ግን እሷ ናት። መጽሐፍ በፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ ሲደረግ ለኮምፒውተሩ ሥዕል ነው፤ ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ዝም ይላል። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተተየበ አማርኛም ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የሌለው ነገር ይቀባጥርብሻል። መምህሮችሽን «በዩኒኮድ የተጻፈውን ይስጡኝ» በያቸው፤ ዩኒኮድ ለአማርኛ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው አጻጻፍ ነው።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የምትፈተኚው በኮምፒውተር፣ ያውም የራስሽ ባልሆነ ኮምፒውተር ነው። የፈተናው ዕለት ጠዋት እጅሽን አውጥተሽ «አይታየኝም» ብትይ ማንም የሚያደርግልሽ ነገር የለም። ዘንድሮ ገቢ ያስደረግሽው ማመልከቻ ያን ጊዜ ማስረጃ ይሆንሻል።

ዲፓርትመንት አትቀይሪ። ሕግም ማስተማርም ጥሩ ሙያ ነው፤ አንቺ ግን አልመረጥሻቸውም። እኔም ሥራ የጀመርኩት ሒሳብ ክፍል ነው። ያኔ መዝገቡ በእጅ የሚሞላ ነበር፤ አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ይህ ደግሞ ላንቺ ይመቻል። ኤክሴል ላይ በቀስቱ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ስክሪን ሪደሩ እዚያ ያለውን ቁጥር ያነብልሽና «ቢ 7» ብሎ የሳጥኑን ቦታ ይነግርሻል። አሁን በቀረሽ ዕይታ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍና የመደመር ምልክቱን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ማጉያው ይከፈታል። ፊደሉን ነጭ፣ መደቡን ጥቁር ማድረግም ይቻላል።

ሲመሽ ብቻሽን አትንቀሳቀሺ፤ ነጭ በትር መያዝም ልመጂ። ጊዮርጊስ አካባቢ ባጃጅ ከየት በኩል እንደሚመጣ ጤነኛ ዓይን ያለውም አያውቅም።

ስለ ገንዘቡ። አባትሽ የቡናውን ብር ለሶፍትዌር እንዳያወጡ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው፤ ከ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ አውስትራሊያ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ነው። ኢስፒክ በሚባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ስለሆነ መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል። የሚያስፈልግሽ ድምፁ የሚሠራ ያገለገለ ላፕቶፕና ጥሩ ኢርፎን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየማታው ኪቦርዱን ሳታዪ መምታት ተለማመጂ። ስትሳሳቺ ዞር ብለሽ የምታዪበት ዓይን አሁን አለሽ። ለአባትሽም ማመልከቻውን ገቢ ካስደረግሽ በኋላ ንገሪያቸው፤ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ አሳዪያቸው።