ቆጣሪህ በቀን ሁለቴ የሚወርደው በፀሐይ አይደለም

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ላይ የሙዮን ቆጣሪ ሠርቼ ቁጥሩ በቀን ሁለቴ ይወርዳል፣ የፀሐይ ሥራ ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። (ለማያውቅ፦ ሙዮን ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ የሚወለድ ቅንጣት ነው።) እኔ እዚሁ ጎጃም ተዋርጄበታለሁ።

1. መጀመሪያ ባሮሜትር። ፍኖተ ሰላም ላይ 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ሲንቲሌተሮች (ቅንጣት ሲያልፍባቸው ብልጭ የሚሉ ሳህኖች) ደራርቤ በሰዓት 50 ሺህ ገደማ እቆጥር ነበር። ከአንድ ወሩ ዳታ የየሰዓቱን አማካይ ስወስድ ጠዋት 4 ሰዓት ይወርዳል፣ ማታ 4 ሰዓትም ይወርዳል። ደስታዬ አልቻል ብሎኝ መምህራኑን ሰብስቤ «ፀሐይን ያዝኳት!» አልኩ። የላቦራቶሪ ሠራተኛችን ጋሼ ከኋላ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ማታ በአራት ሰዓት ፀሐይዋ የት ነበረች?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የአየር ግፊት ነው። እኛ አካባቢ በቀን ሁለቴ፣ በእነዚሁ ሰዓቶች ገደማ ከፍ ይላል። ግፊቱ በ1 ሄክቶ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲጨምር ሙዮኑ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ይቀንሳል።

2. ግፊቱን ከስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ እንዳትወስድ! ስልኩ 1,018 ምናምን የሚልህ ወደ ባሕር ወለል አስልቶ ነው፤ ማርቆስ ላይ እውነተኛው 760 አካባቢ ነው። ስሌቱ ውስጥ ሙቀት ስለሚገባ የቀኑን ውጣ ውረድ ያበላሽብሃል። እኔ የሁለት ወር ሥራ ጣልኩ። ከዚያ ዳታ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። «ደብዳቤ አምጣ።» አመጣሁ። «ማኅተሙ አይታይም።» በሦስተኛው ሰውየው ሻዩን እያማሰለ «ፀሐይ ከሆነ የምታጠናው ወጥተህ አታያትም?» አለኝ። ሴንሰሩን ራሴ ገዛሁ፤ ከሚኒባስ ምልልሱ ይረክስ ነበር።

ፀሐይን ከፈለግክ ፎርቡሽ መውረድን ጠብቅ። አሜሪካዊው ስኮት ፎርቡሽ በ1930ዎቹ ያየው ነው። ፀሐይ የምትተፋው ማግኔታዊ ደመና ከሩቅ የሚመጣውን ኮስሚክ ጨረር ይገፋዋል፤ ቁጥሩ በሰዓታት ወርዶ በቀናት ይመለሳል። ግን ብዙ አትጠብቅ። እኛ ለማግኔታዊው ወገብ ቅርብ ነን፤ ፀሐይ በቀላሉ የምትገፋውን ደካማውን ጨረር የምድር ማግኔት ቀድሞ ይመልሰዋል። የፀሐይን የ11 ዓመት ዑደትማ እርሳው፣ ቆጣሪህ አይቆይልህም።

ፊንላንድ ኦሉ ከተማ ያለው፣ ኮስሚክ ጨረርን በኒውትሮን የሚከታተለው ጣቢያ ዳታ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፤ ከእሱ ጋር አስተያይ። ሰዓቱ የግሪንዊች (UTC) ስለሆነ ከእኛ 3 ይለያል፣ ተጠንቀቅ።

ግንቦት 2 ቀን 2016 ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ የፀሐይ ማዕበል መጣ። ባሮሜትሬ፣ ሰዓቴ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ነበር። ማታ መብራት ጠፋ፣ ሦስት ቀን። የኦሉ መስመር ቁልቁል ሲወርድ የእኔ ግራፍ ላይ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።

የመኪና ባትሪ አለህ?