ከአፈሩ በፊት ላብራቶሪው

ጥያቄሽን ዘግይቼ ነው ያየሁት እህቴ፣ ይቅርታ። «ለማስተርስ መመረቂያዬ አፈር ሰብስቤ የሜሊዮይዶሲስን ባክቴሪያ መፈለግ አስቤያለሁ፤ ይቻላል ወይ? አደገኛ ነው? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። (ሜሊዮይዶሲስ አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ የሚያመጣው ገዳይ በሽታ ነው።) እኔ ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኡቦን ራቻታኒ አካባቢ የሩዝ ማሳ ስቆፍር ሁለት ዓመት ከርሜያለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን ልንገርሽ።

ይቻላል። ግን ከአፈሩ አትጀምሪ፣ ከላብራቶሪው ጀምሪ።

ለምን መሰለሽ? ይሄ ባክቴሪያ፣ ቡርክሆልዴሪያ ሱዶማላይ፣ ተደብቆ አይደለም የሚያመልጠን። ፕሌት (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ሰሐን) ላይ በቅሎ፣ ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ነው የሚያመልጠን። አንድ ታማሚ ትዝ ይለኛል፣ ገበሬ ነው፣ ስኳር አለበት፣ በትኩሳትና በሳምባ ምች ገባ። መጀመሪያ የታየበት ላብራቶሪ ደሙን ካልቸር አድርጎ (ባክቴሪያ ካለ እንዲበቅል አስቀምጦ) የበቀለውን ነገር «ኮንታሚኔሽን ነው፣ ከውጭ የገባ ነው» ብሎ ጣለው። እንደገና ተሠርቶ ትክክለኛው ውጤት ሲመጣ ሰውየው ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ወረቀቱን ይዤ የቆምኩበት ኮሪደር እስካሁን አይረሳኝም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ ግምት በዓመት 165,000 ሰው ይታመማል፣ 89,000 ይሞታል ይላል። በሽታው ግን አዲስ አይደለም። ዊትሞርና ክሪሽናስዋሚ ራንጉን ውስጥ በ1911 ነው ያገኙት። ከዚያ ለብዙ ዓመት ከአይጥ ነው የሚመጣው ሲባል ኖረ፣ አፈሩን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሕክምናውም ቢሆን እስከ 1989 ድረስ ያው የዱሮው ነበር፤ በዚያ ዓመት እዚያው ኡቦን የተሠራ ጥናት በሴፍታዚዲም (አንቲባዮቲክ ነው) ከባድ ታማሚዎች ላይ ሞቱን ከ74 በመቶ ወደ 37 አወረደው። አንድ መድኃኒት በመቀየር ብቻ! ግን መድኃኒቱ የሚታዘዘው ባክቴሪያው ከታወቀ አይደል፤ ለዚህ ነው ላብራቶሪ ላብራቶሪ የምልሽ።

እንዴት ታውቂዋለሽ? አሽዳውን አጋር የሚባለውን፣ ይሄን ባክቴሪያ ለይቶ የሚያበቅል ፕሌት አዘጋጂ፣ ውድ አይደለም። የምትበቅለው ኮሎኒ (የባክቴሪያው ክምር) በመጀመሪያው ቀን የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጥብ ናት፣ ምንም አትመስልም። ቶሎ ብለሽ አትጣያት። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሐምራዊ ትሆንና ደርቃ ትጨማደዳለች፣ አንዴ ካየሻት አትረሻትም። የአፈር ሽታ አላት ይባላል፣ እሱን ለማረጋገጥ ግን ፕሌቱን ከፍተሽ እንዳታሸቺ! (የድሮ ሰዎች ያሸቱ ነበር፣ አንቺ ግን ተይ።) ከዚያ በኦክሲዴዝ ምርመራ ፖዘቲቭ፣ በግራም ቀለም ኔጋቲቭ የሆነ የዘንግ ቅርጽ ያለው ባክቴሪያ ሆኖ ጀንታማይሲንና ኮሊስቲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች የማይነኩት፣ ኦግመንቲን ግን የሚገድለው ከሆነ ተጠራጠሪ። በጣም ተጠራጠሪ። ጀንታማይሲን የሚገድለው ዓይነት ማሌዢያ ሳራዋክ ውስጥ አለ፣ እሱ ለየት ያለ ነው። ባክቴሪያ የሚለየው አውቶማቲክ ማሽን «ሴፓሲያ» (ሌላ ዘመዱ ነው) ወይም ሌላ ስም ቢሰጥሽ ዝም ብለሽ አትመኚው፣ በላቴክስ (በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ፈጣን ምርመራ) ወይም በፒሲአር (ዲኤንኤውን የሚፈልግ ምርመራ) አረጋግጪ።

ልምምዱን ደግሞ በገዳዩ አታድርጊው። ቡርክሆልዴሪያ ታይላንደንሲስ የሚባል ዘመዱ አለ፣ አፈር ውስጥ አብሮት ይኖራል፣ ሰውን የሚያሳምመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እጅሽ እስኪለምድ በእሱ ሥሪ። አራቢኖዝ የሚባለውን ስኳር ይበላል፣ ገዳዩ አይበላም፤ የምትለያቸው በዚህ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። አንድ ማሳ ላይ 100 ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር። አዎ መቶ፣ ወገብሽ ይመሰክራል። ከእያንዳንዱ 10 ግራም ወስደሽ ኮሊስቲን ያለበት ማበልጸጊያ ፈሳሽ (ሌላውን አፍኖ ይሄን ባክቴሪያ የሚያበዛ) ውስጥ ትከቻለሽ። በአምስት ጉድጓድ እንገላገል የሚል ሰው አይጠፋም፣ እንዳትሰሚው። ባክቴሪያው እንደ ጨው እኩል የተበተነ አይደለም፤ አንዱ ጉድጓድ ሞልቶ ሁለት እርምጃ አልፎ ያለው ባዶ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ገርሞኛል። የሚወደው ለም አፈር ይመስለኝ ነበር፣ እዚያ ግን ብዙ ያገኘነው ምግብ በተሟጠጠበት ምስኪን አሸዋማ መሬት ላይ ነው።

የራሴን ጥፋትም ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ዙር ናሙና እንደ ደምና ሽንት ቆጥሬ በረዶ ላይ ደርድሬ አመጣሁት። ሙሉ ቀን ጸሐይ ላይ የለፋሁበት ነው። አለቃዬ ሳጥኑን ከፍቶ አየኝ፣ ምንም አላለም፣ በረዶውን አንድ በአንድ አውጥቶ ሲንክ ውስጥ ጣለው። ይሄ ባክቴሪያ ቅዝቃዜ አይወድም፤ በሕይወት ቢኖር እንኳ ፕሌት ላይ አልበቅልም ሊልሽ ይችላል። አፈሩን ከጸሐይ ከልለሽ በተራ ክፍል ሙቀት ያዢውና ቶሎ ሥሪው። ያ ዙር ከሞላ ጎደል ኔጋቲቭ ነው የወጣው፣ ከወር በኋላ እዚያው ማሳ ተመልሰን ስንቆፍር ግን ሞልቶ ተገኘ። ስለዚህ የአንቺም ውጤት ባዶ ከሆነ «የለም» ብለሽ አትጻፊ፣ «በዚህ ዘዴ አላገኘንም» በይ።

አደጋውን በተመለከተ፣ ማሳ ላይ ቦት ጫማና ጓንት ከለበስሽ፣ እጅሽና እግርሽ ላይ ቁስል ከሌለ ብዙም አትጨነቂ። ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ቆፋሪው ሌላ ሰው ይሁን፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ ብርቅ ነው። የሚያስፈራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ካቢኔት (አየሩን አጣርቶ ሠራተኛውን ከባክቴሪያ የሚከላከል የላብራቶሪ ሳጥን) ከሌለሽ ይሄን ርዕስ ተዪው፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ክፍት ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ወይም የተረጨ ካልቸር በትንፋሽ ይገባል። ክትባት የለም። ከተጋለጥሽ ለ21 ቀን ኮትሪሞክሳዞል (ሰልፋ ያለበት አንቲባዮቲክ) ነው የሚሰጠው፣ መድኃኒቱ ካሁኑ መደርደሪያ ላይ ይኑር፣ የሰልፋ አለርጂ ይኑርብሽ አይኑርብሽም አስቀድመሽ እወቂ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ባክቴሪያውን ብታገኚው ወደ ውጭ ላብራቶሪ መላክ ራስ ምታት ነው። አሜሪካ በባዮ መሣሪያነት ከሚፈሩት ጋር መድባ ነው የምትቆጣጠረው፣ የወረቀቱ ሥራ ወራት ይበላል። ዲኤንኤውን አውጥቶ መላክ ይቀላል። አሽዳውኑን ስትሠሪ ካስቸገረሽ የፕሌቱን ፎቶ በአራተኛው ቀን አንስተሽ ላኪልኝ፣ በመጀመሪያው ቀን አይደለም።