ባሕር ውስጥ የምትኖረው ፍየል

ፈረንሳይኛ ለምትማሩ ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲቆጣን እንኳ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው። በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ሄጄ ፈረንሳይኛ አስተማርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዛሬ የማወራችሁ ያበላሸሁትን ነው።

አንዲት ተማሪዬ ስለ አያቷ ምግብ ስትጽፍ ሽሪምፕን፣ ያቺን የምትበላ ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ «ሸቭሬት» አለችው። በፓሪስ ፈረንሳይኛ ሽሪምፕ «ክረቬት» ነው፣ ሸቭሬት ግን ግልገል ፍየል ናት። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩባትና ክፍሉ እየሰማ «አያትሽ ፍየል የሚያጠምዱት ከባሕር ነው እንዴ?» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አያቷን አንስታ አታውቅም።

ለካ ትክክሏ እሷ ነበረች። እዚያ ሸቭሬት ማለት ሽሪምፕ ነው፣ መኪናም «ቮቱር» ሳይሆን «ሻር» ነው። ቋንቋው ከድሮዎቹ የፈረንሳይ ሰፋሪዎች፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቅ ጠረፍ ካባረሯቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካዲያውያን፣ እንዲሁም እዚያው ከተወለዱት የአፍሪካና የአውሮፓ ዝርያዎች፣ ከክሪዮሎች አፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም።

አፍሬ አያትየው ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «እኔ እኮ ጥሩ ፈረንሳይኛ አልችልም» አሉኝ። ይህን ያሉኝ በፈረንሳይኛ ነው! በ1921 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ። እሳቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ሽንት ቤት ለመሄድ መጠየቅ እንኳ አይችሉም ነበር። ፈረንሳይኛ ሲያመልጣቸው «በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም» እያሉ ገጽ ሙሉ እንዲጽፉ ይደረጋሉ። ሲወልዱ ታዲያ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ አሳደጉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

በ1968 ግዛቲቱ ነቃችና ፈረንሳይኛን የሚያስፋፋ ኮዶፊል የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅግና ከካናዳዋ ኩቤክ መምህራን መጡ። መምጣታቸው ደግ ነበር፣ ግን ብዙ ልጆች ክፍል ውስጥ የተማሩት ከአያቶቻቸው አፍ ጋር የማይገጥም ፈረንሳይኛ ሆነ። የእኔም ቀይ እስክሪብቶ የዚያው ዘመድ ነው።

በእኔ ግምት ነገሩን ያስተካከሉት ቴፕ ይዘው ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ የተቀመጡት እዚያው ሉዊዚያና ያለው የላፋዬት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ቀልዱን ሁሉ ቀዱት። እነሱና ሌሎች ምሁራን የደከሙበት የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ2010 ሲወጣ መጀመሪያ የፈለግኩት ሸቭሬትን ነበር። አለች፣ ቁጭ ብላለች።

እናንተ ሰዋስዋችሁን ጠንቅቃችሁ እወቁ፤ ፈተና ምሕረት የለውም። ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን እያላችሁ ስለ ፓሪስ ፀሐፊዎች የተባለውን መልሳችሁ አትበሉ። ርዕሱ እዚሁ ደጃችን ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917። ሥራው በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያው) ለገሃር ሆነ፣ «ፉርጎን» ፉርጎ ሆነ። ከእነዚህ ሌላ ስንት ቃል ጋራዥ ውስጥ እንደቀረ የሚያውቁት የድሮ ሠራተኞች ናቸው። የሰው አያት ቤት የሄድኩት ሰውዬ የገዛ አባቴን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳልቀዳ ቀበርኩት።

ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ወደ ድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ውረዱና አንዱን የባቡር ጡረተኛ ሻይ ጋብዙ። ስለ ፉርጎ ጠይቁ፣ እንዳታርሟቸው ብቻ። ጠዋት ሂዱ ታዲያ፤ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ።